በላስታ ተራሮች ሲጓዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ላሊበላ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ይሳለምና ቀና ብሎ ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ያለችውን አሸተን ማርያምን ሲያይ «ይቺማ ቅርብ ናት» ይላል። ስህተቱ እዚያው ይጀምራል። የላስታ መንገድ የሚለካው በርቀቱ ሳይሆን በዳገቱ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አሸተን ከ3,000 በላይ፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,200 ሜትርን ያልፋል። ለየ4 ኪሎሜትሩ ሜዳ አንድ ሰዓት ያዙ፣ ለየ400 ሜትሩ ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ይመሻል፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቡና ጠጥቶ ለረጅም ጉዞ መነሣት ሒሳቡን አለመሥራት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ቁልቁለት ላይ የሚፈለግ አቋራጭ ነው። ይህን ምድር የሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋግሞ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ነው፤ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ ተነባብሯል። ጠንካራው ንጣፍ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ በመካከሉ ያለው የላላ አመድና የበሰበሰ ድንጋይ ተዳፋት ይሆናል። ከታች ለሚያይ ገደሉ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ከላይ ለሚወርድ ግን የሚታየው ሣሩ፣ ከዚያም ከሩቅ የቤቱ ቆርቆሮ ብቻ ነው። በመሀል ያለውን ገደል አፋፉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሰውየው መንገዱ ዞረብኝ ብሎ ይገነጠልና ሣሩን እያቋረጠ ይወርዳል። አፋፉ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያዋ እርከን ከቁመቱ ብዙም ስለማትበልጥ ተንሸራቶ ይወርዳታል። ሁለተኛዋ ከፍ ትላለች፤ እሷንም በቂጡ ይንሸራተታል። ሦስተኛው ገደል ነው። አሁን ወደ ታች አይወርድ፣ የተንሸራተተበትን መልሶ አይወጣ፤ ጨለማውም እየመጣ ነው።

መንገዱ ያለ ምክንያት አልዞረም። የሚዞረው አለቱ ተሰብሮ መውጫ የሰጠበት ቦታ እስኪደርስ ነው። ተመልሳችሁ መውጣት የማትችሉትን አትውረዱ። መንገድ ከጠፋባችሁ ወደ ላይ፣ በእርግጠኝነት መንገድ ወደነበረው የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ። የአህያ ፋንድያ ያለበትን መንገድ እመኑ፤ ጭነት ያሳለፈ ሰው ያሳልፋል። የፍየል ኮቴ ብቻ ካለ ተጠራጠሩ። ጭላዳ የወረደበትንማ ጨርሶ አትከተሉ፤ እሱ ገደል ላይ የሚያድር እንስሳ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ከፍታው የሚያመጣውን ራስ ምታት በማስታገሻ አፍኖ መውጣት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሌሊት ሌሊት የማደሪያችሁን ከፍታ ከ500 ሜትር አብልጣችሁ አትጨምሩ፤ ከላሊበላ ተነሥቶ በዚያው ቀን አቡነ ዮሴፍ አናት አጠገብ ማደር ለብዙ ሰው ይበዛል። ከኮምቦልቻ ወይም ከቆቦ ቆላ በቀጥታ የመጣማ ላሊበላ አንድ ሁለት ቀን ቢሰነብት ይሻለዋል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የምግብ ፍላጎት ማጣት ሲመጣ እዚያው ማረፍ፣ ካልተሻለ መውረድ ነው። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን በሰው ታግዞ ወዲያው ይውረድ። «ተኝቶ ይነጋለት» የሚባለው ምክር ሰው ይገድላል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የዳገቱን ቀን ለሌላ ቀን ቢያደርገው ይሻላል፤ የረመዳን ጿሚም እንዲሁ።

ዝናብን የክረምት ብቻ አድርጎ ማሰብ የሌላ አገር ልማድ ነው፤ ወሎ በልግ አላት። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜም ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ከጭቃው ይልቅ የሚያሰጋው ደራሽ ውሃ ነው። ዝናቡ ተራራው ላይ ይጥላል፤ እናንተ ያላችሁበት ሸለቆ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ደረቅ አሸዋ ለድንኳን ይመቻል ብሎ ወንዝ ውስጥ መተኛት ስለዚህ አይሞከርም። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ዕቃ ሳትሰበስቡ ወደ ዳር ውጡ። ከጉልበት በላይ የሆነውን አትሻገሩ። እንዲህ ያለ ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ ተቀምጦ መጠበቅ ነው።

አዲስ ጫማ ለብሶ መምጣት፤ ይህ እስካሁን መነገሩ ራሱ ይገርማል። የእግር ጥፍር ከጉዞው በፊት ይቆረጥ፤ አለዚያ ቁልቁለቱ ያጠቁረዋል። መንገድ መሪው በኮንጎ ጫማ ሲሮጥ አይታችሁ አትቅኑ፤ እሱ ያደገበት ነው።

ባቄላና ሩዝ ተሸክሞ መውጣትም ትርፉ ማገዶ መጨረስ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ እህሉ ቶሎ አይበስልም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ያዙ። የምንጭ ውሃ እንደ ፈላ ወዲያው ከእሳት አይወርድም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።

ጸጥታውን ከመነሣታችሁ በፊት ላሊበላ ውስጥ ጠይቁ፤ ያለፈው ወር ወሬ አይበቃም።

ውሻ ይዞ የሚወጣም አለ። አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሙሉ መንጋ ሊጨርስ ይችላል። የተከተበም ቢሆን ውሻው ከተማ ይቆይ።