በሄልሜት ካሜራ የተራራ ብስክሌት ጉዞን ሲቀርጹ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ምስሉ ዛፍ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይደበዝዛል፣ ይንቀጠቀጣልም። ብዙዎች ወዲያው የሚወቅሱት የካሜራውን የምስል ማረጋጊያ ነው፤ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብርሃን ማነስ ነው። እንደ እንጦጦ ባለ የባሕር ዛፍ ጫካ ብርሃንና ጥላ በየቅጽበቱ ይፈራረቃሉ፤ ሁሉንም በራሱ እንዲመርጥ የተተወ ካሜራ ጥላው ውስጥ በቂ ብርሃን ለማግኘት ሻተሩን (ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን ክፍል) ስለሚያዘገየው፣ እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮውን ከሚሠሩት ምስሎች እያንዳንዱ፣ ገና ሲቀረጽ ብዥ ያለ ይሆናል፤ ማረጋጊያው ፍሬሞቹን ቢያስተካክልም ብዥታውን ማጥፋት አይችልም። ስለዚህ በሰከንድ 60 ፍሬም መቅረጽና የአይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት የሚወስነውን ቁጥር) ጣሪያ ወደ 1600 ከፍ ማድረግ ይገባል። መንገዱ በሙሉ ጥላ ከሆነ ሻተሩን በ1/240 ሰከንድ ላይ ማሰር ይቻላል፤ ገላጣ ሜዳ ካለበት ግን ፀሐይ ላይ ምስሉ ነጭ ሆኖ ስለሚቃጠል አይመከርም። በጥላው ውስጥ ምስሉ በመጠኑ ቢሻክርም፣ ከደበዘዘው እጅግ ይሻላል።

ካሜራው መሬቱንና የፊት ጎማውን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ምናልባት የተስተካከለው ቀጥ ብለው በቆሙበት ነው። ቁልቁለት ላይ ሰውነት ዝቅ ሲል ካሜራውም አብሮ ያዘነብላል፤ በመሆኑም ብስክሌቱ ላይ ወጥተው፣ ለቁልቁለት የሚይዙትን አቋም ይዘው አቅጣጫውን ወደ ላይ ያስተካክሉ። አገጭን የሚሸፍን ሄልሜት ያለው ሰው ካሜራውን አገጩ ላይ ቢገጥም እጆቹና መሪው በምስሉ ስለሚገቡ ፍጥነቱና ቁልቁለቱ ይበልጥ ይሰማሉ።

ካሜራውን ሄልሜቱ ላይ የሚይዘው ማጣበቂያ የሚላቀቀው አቧራ ወይም ቅባት ባለበት ቦታ ስለተለጠፈ፣ አለዚያም ሳይደርቅ ጉዞ ስለተጀመረ ነው። ለስላሳውን ገጽ አጽድተው፣ ከለጠፉት በኋላ 24 ሰዓት ይጠብቁ። ሄልሜቱን መብሳት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ራስን የመጠበቅ አቅሙን ያዳክመዋል።

የነፋስ ጩኸት ድምፁን ከዋጠው ማይክሮፎኑን በስፖንጅ መሸፈን ይበቃል።

ቀረጻው በራሱ ከተቋረጠ አስቀድሞ ሚሞሪ ካርዱን ይመልከቱ። ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት ይጽፋል፤ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ደግሞ፣ አንድ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ስለሆነ፣ የሚፈልገው 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው። ምልክቱ ያለው ካርድም የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ቪዲዮዎቹን ገልብጠው ካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉት። ብርድ ባለበት ጠዋት የሚጠፋ ከሆነ ግን ምክንያቱ የቀዘቀዘ ባትሪ ሊሆን ስለሚችል፣ ትርፍ ባትሪውን በውስጥ ኪስዎ፣ ከሰውነትዎ አጠገብ ይያዙ።