ውጭ አገር ስትሄዱ ሪዞርት ይሻላል ወይስ ከአገሬው ጋር መዋል?

መጀመሪያ ለምን እንደምትሄዱ ወስኑ። ደክሟችሁ ማረፍ ብቻ ከፈለጋችሁ ሪዞርት ግቡ፣ ምንም ነውር የለውም። አገሩን ማወቅ ከሆነ ሐሳባችሁ ግን ከአጥሩ ውጡ።

ክለብ ሜድ የተባለው የፈረንሳይ የሪዞርት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔኗ ማዮርካ ደሴት ሥራ ሲጀምር እንግዶቹ የሚያድሩት ድንኳን ውስጥ ነበር። ምግቡም መዝናኛውም በአንድ ክፍያ የሚጠቃለልበት ይህ አሠራር ዛሬ የብዙ ሪዞርቶች መለያ ሆኗል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም ነገር ቀድሞ ስለተከፈለበት ሰው ወጥቶ ቢበላ ሁለቴ የከፈለ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ግቢው ውስጥ ይቀራል፣ የሰፈሩ ነጋዴም ከዚያ ሁሉ እንግዳ እምብዛም አይጠቀምም። ይሄ ከልቤ ያሳስበኛል።

እኔ የምመክረው ሁለቱንም መቀላቀል ነው። መጀመሪያ በቤተሰብ የሚተዳደር ማረፊያ ያዙ፣ ሪዞርቱን ለመጨረሻዎቹ ቀናት አቆዩት። ሰላምታና ምስጋና በአገሬው ቋንቋ አጥኑ። ከታክሲ ይልቅ የከተማ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ከሁሉም በላይ አንድ ቦታ ተመላለሱ። በየቀኑ አዲስ ካፌ ከመቀያየር እዚያው ካፌ በተመሳሳይ ሰዓት ብትሄዱ አስተናጋጁም ደንበኛውም ፊታችሁን ይለምዳል፣ ወሬውም ሳትፈልጉት ይመጣል።

ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ልጆች ከሆኑ ወላጆቻቸውን ጠይቁ። የምታድሩበትን አድራሻ በአገሩ ፊደል አስጽፋችሁ ያዙ። ማታ የትኛው ሰፈር እንደማይኬድ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ከመፈለግ አከራያችሁን ጠይቁ።