ለኑክሌር አደጋ ቤታችንን እንዴት እናዘጋጅ? ከአዮዲን ኪኒን እስከ በርና መስኮት

እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ የብዙ ልጆችን ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) የጎዳው የጠጡት ወተት ነበር። ከማመንጫው የወጣው ራዲዮአክቲቭ፣ ማለትም ጨረር ያለበት፣ አዮዲን ሳር ላይ አረፈ። ላሞች ሳሩን ጋጡ። ወተቱ ልጆች ጋ ደረሰ። ያኔ ልጆች ከነበሩት የዩክሬን፣ የቤላሩስና የሩሲያ ሰዎች መካከል እስከ 2005 ድረስ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ጥቂት ለማይባሉት ምክንያቱ ያ ወተት ነው። ጎረቤት ፖላንድ ግን በአራተኛው ቀን መጥፎውን የሚከለክል ደህና አዮዲን ማደል ጀመረች፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ልጆችም ወሰዱ።

ቤተሰብን የሚያድነው በሰዓቱ የተደረገ ቀላል ነገር ነው። በር መዝጋት፣ ወተቱን ለጊዜው አለመጠጣት፣ ኪኒኑን ሲታዘዙ መዋጥ። ከአሁኑ ካልታሰበባቸው ደግሞ በዚያ ጭንቅ ሰዓት አይታወሱም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የለም። ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ብዙ አገሮች ግን አላቸው። አቡዳቢ ውስጥ ባራካ አለ፣ አራት ሪአክተሮች (የኑክሌር ኃይሉ የሚመነጭባቸው ክፍሎች) ያሉት። ከዋሽንግተን ዲሲ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሜሪላንድ ውስጥ ካልቨርት ክሊፍስ አለ። ስዊድን ፎርስማርክ፣ ሪንግሃልስና ኦስካርስሃምን አሏት።

1. ርቀታችሁን እወቁ

ካርታ ክፈቱና ከቤታችሁ እስከ ቅርቡ ማመንጫ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ እዩ። ቀሪው ዝግጅት የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የአደጋ ክልል በማመንጫው ዙሪያ እስከ 10 ማይል፣ ማለትም 16 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ለሚኖሩ ሰዎች ኪኒኑን በነጻ የሚሰጡ ስቴቶች አሉ። እስከ 50 ማይል ድረስ ደግሞ የምግብና የውሃ ቁጥጥር ይደረጋል። ስዊዘርላንድ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ላሉ ሰዎች ኪኒን ታድላለች፤ ፈረንሳይ እስከ 20። ቤልጂየም ያላችሁ ፋርማሲ ሄዳችሁ ብትጠይቁ በነጻ ታገኛላችሁ።

በጣም ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ስለ ኪኒኑ እንቅልፍ አትጡ። ከታች ያለው የቤት ዝግጅት ግን ለጎርፍም ለመብራት መጥፋትም ይጠቅማል።

2. ኪኒኑ ምን እንደሚያደርግ ተረዱ

ስሙ ፖታሲየም አዮዳይድ ነው። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ፣ ያው እንቅርት የሚወጣበት ቦታ፣ አዮዲን ይፈልጋል። ደህናውንና ጨረር ያለበትን ግን መለየት አይችልም። ቀድሞ ደህናውን ከሞላ፣ ጠግቦ የበላ ሰው ተጨማሪ ጉርሻ እንደማይቀበለው፣ መጥፎውን አይቀበልም። የተረፈው በሽንት ይወጣል።

የኪኒኑ ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ከሲዚየም (በአደጋ ጊዜ ከማመንጫ የሚወጣ ሌላ ጨረር ያለበት ነገር) አይከላከልም፣ ከሌላ ዓይነት ጨረር አይከላከልም፣ ሌላ የሰውነት ክፍል አይጠብቅም። «የጨረር መድኃኒት» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ካጋጠሟችሁ አትመኗቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው የአንድ ጊዜ መጠን ይህ ነው፦

ከተወለደ እስከ 1 ወር፦ 16 ሚሊ ግራም
ከ1 ወር እስከ 3 ዓመት፦ 32 ሚሊ ግራም
ከ3 እስከ 12 ዓመት፦ 65 ሚሊ ግራም
ከ12 ዓመት በላይ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጭምር፦ 130 ሚሊ ግራም

አሜሪካ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚታዘዘው 65 ነው። ስለዚህ የምትኖሩበት አገር የሚለውንና ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ኪኒኑ ባለ 65 ወይም ባለ 130 ሊሆን ይችላል። ለማን ስንት ፍሬ ወይም ስንት ሩብ እንደሚደርስ ዛሬውኑ አስሉና የእያንዳንዱን ሰው ስም ከፊቱ ጽፋችሁ ፓኬቱ ላይ ለጥፉ። በድንጋጤ ሰዓት ኪኒን ማካፈል ከባድ ነው። ለሕፃን አድቅቃችሁ በጁስ ወይም በጣፋጭ መጠጥ በጥብጡት፤ ጨው ጨው ስለሚል ብቻውን አይወስድላችሁም።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው። ከ40 ዓመት በላይ ላለ ሰው ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። ኪኒኑ ከጎደለ ለልጆቹ ቅድሚያ ስጡ። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ወይም አዮዲን የማይስማማው ሰው ካለ ሐኪሙን አሁኑኑ ይጠይቅ።

ጨው ምትክ አይሆንም። በ2011 ጃፓን ፉኩሺማ ላይ አደጋው ሲደርስ ቻይና ውስጥ ሰው ጨው ለመግዛት ተራኮተ። አንድ ኪሎ አዮዲን ያለበት ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የአንድ አዋቂ ኪኒን ግን 100 ሚሊ ግራም አዮዲን ይይዛል። ያን ለማግኘት ከ2 ኪሎ በላይ ጨው መብላት ሊኖርባችሁ ነው! ቁስል የሚጠረግበትን አዮዲንም አትጠጡ፤ መርዝ ነው።

በአዘቦት ቀን ግን አዮዲን ያለበትን ጨው አዘውትሩ። እንቅርት በደጋው አገራችን የኖረ ችግር ነው። አዮዲን የጎደለው ታይሮይድ አደጋ ሲመጣ መጥፎውን አዮዲን አብዝቶ ይስባል። ለውበቱ ተብሎ የሚገዛው ሮዝ ጨው ብዙውን ጊዜ አዮዲን አልተጨመረበትም።

3. ቦርሳና ጓዳ

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን። ምግቡ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፤ እሳት አይፈልጉም፣ ፍሪጅ አይፈልጉም። ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጧቸው። ለሕፃን የዱቄት ወተት፣ ለአዋቂ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት አትርሱ። በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ ከመለዋወጫ ድንጋይ ጋር፣ ፓወር ባንክ፣ ወፍራም ፕላስተር፣ ትልልቅ ፌስታሎች። የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ። ገልፍ ውስጥ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ኮፒውን ስልካችሁም ላይ አስቀምጡ።

4. ክፍል ምረጡ

ቤዝመንት ካለ እሱ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርትመንት ከሆነ መካከለኛ ፎቅ ላይ፣ ከጣሪያውም ከውጭው ግድግዳም ራቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው ወይም ትንሽ የሆነ ክፍል። ኮንክሪትና ጡብ ከእንጨትና ከቆርቆሮ ይልቃሉ።

የኑክሌር ቦምብ ከሆነም ይኸው ክፍል ያገለግላል። ፍንዳታውን የተረፈ ሰው የጨረሩ አቧራ ወርዶ እስኪያርፍ ጥቂት ደቂቃዎች ይኖሩታል፤ በእነሱ ቶሎ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። የአቧራው ጨረር በሰባት ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ አስረኛው ይወርዳል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀን ሕይወት የሚሆነው።

5. ማስጠንቀቂያው ሲመጣ

ማስጠንቀቂያው በአማርኛ አይመጣም ብላችሁ አስቡ። ቋንቋውን ለማያውቁ አባትና እናት ሁለት ትእዛዞችን ለይታችሁ አስተምሯቸው፤ «ውስጥ ቆዩ» እና «ውጡ»። እነዚህን ማምታታት አደገኛ ነው። ፉኩሺማ ላይ ያለ በቂ ዝግጅት ከሆስፒታልና ከአረጋውያን መኖሪያ በችኮላ ከወጡት ሰዎች በጉዞው የሞቱ አሉ። ውጡ ካልተባለ አትውጡ።

በርና መስኮት ዝጉ። ኤሲና ቬንቲሌተር አጥፉ። የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ፣ ክፍተቱን በፕላስተር ድፈኑ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤቱን ከዘጋችሁ በኋላ ከሰል እንዳታነዱ። ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ሲጨነቅ ቡና ይፈላ የሚል መኖሩ አይቀርም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከጨረሩ ቀድሞ ይገድላል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፣ እጣኑ ይቅር።

6. ከውጭ የመጣ ሰው ካለ

በሩ አጠገብ የላይኛውን ልብስና ጫማ ያውልቅ። ልብስ ማውለቅ ብቻውን ከአቧራው አብዛኛውን ያስወግዳል። ነጠላ ወይም ጋቢ ከሆነ እንዳታራግፉት፤ ቀስ ብላችሁ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ክተቱና ቋጥራችሁ ከሰው አርቁ። ከዚያ ሻወር፣ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና፣ ሳይፈትጉ። ጸጉር በሻምፖ ይታጠብ። ኮንዲሽነር አይነካ፤ አቧራውን ጸጉር ላይ ያጣብቀዋል። ሹሩባም ከሆነ ውሃው ሥሩ ድረስ እንዲገባ ጊዜ ስጡት። ውሃ ከሌለ ፊትን፣ እጅንና አንገትን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

7. ኪኒኑን መቼ?

ባለሥልጣን ውሰዱ ሲል ብቻ። በቴሌግራም የተለቀቀ ድምፅ ትእዛዝ አይደለም። የሚበጀው ጊዜ መጥፎው አዮዲን ከመድረሱ በፊት ባሉት 24 ሰዓታት ወይም ከደረሰ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። እስከ ስምንት ሰዓት ቢዘገይም ይጠቅማል። ከ24 ሰዓት በኋላ መውሰድ ግን ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። አንድ ጊዜ ከተወሰደ ለአንድ ቀን ያህል ይጠብቃል። ያልታዘዘ ሁለተኛ አትውሰዱ፤ በተለይ አራስ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት።

8. ወተትና ጎመን

ለእኔ ከኪኒኑ እኩል የሚመዝነው ይህ ነው። ከአካባቢው የታለበ ወተት፣ ጓሮ የበቀለ ጎመንና ሰላጣ፣ የዝናብ ውሃ፣ ንጹህ ነው እስኪባል ድረስ ይቅር። ታሽጎ ቤት የነበረ ምግብ ይበላል፤ ጣሳውን ከመክፈታችሁ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። ጥቂት ሳምንት መታገሥ ልጅን ያድናል። የምታጠባ እናት ማጥባቷን ትቀጥል ወይስ ታቁም የሚለውን ሐኪም ይንገራት።

9. ውጡ ከተባለ

ልጅ ለማምጣት ወደ ትምህርት ቤት አትሩጡ። በአደጋ ክልሉ ውስጥ ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን የት እንደሚወስዱ ዕቅድ አላቸው፤ ያን ቦታ ዛሬ ጠይቃችሁ ጻፉት። ስልክ ስለሚጨናነቅ አጭር መልእክት ላኩ። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ዘመድ ምረጡና ሁላችሁም ለእሱ አሳውቁ። መኪና ውስጥ መስኮት ዝጉ፣ ኤሲው የውጭ አየር እንዳይስብ አድርጉ፣ በተባለው መንገድ ብቻ ሂዱ። መቀበያ ጣቢያ ስትደርሱ በመሣሪያ ይለኳችኋል። ማን ኪኒን እንደወሰደ፣ ስንትና በስንት ሰዓት እንደወሰደ ንገሯቸው። አራስ ሕፃን ወስዶ ከሆነ ደግሞ የታይሮይዱ ሥራ በደም ምርመራ እንዲታይለት ሐኪሙን ጠይቁ።