ስለ ነጻነት ለማወቅ የድሮ መጻሕፍትን እንዴት እናንብብ?

ክርስቲያን ነኝ፣ የአገሬ ፖለቲካም ያሳስበኛል። ሁለቱን ይዤ የድሮ መጻሕፍት ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ላይ ግን ጥቅስ ለቃሚ ነበርኩ። ከምደግፈው ሐሳብ ጋር የሚገጥም አንድ መስመር ካገኘሁ መጽሐፉን እዘጋለሁ። እንደዚያ ካነበባችሁ መጽሐፉ ምንም አይነግራችሁም።

እስቲ እርሳስ ያዙና አንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8ን ክፈቱ (በግዕዙ አቆጣጠር ቀዳማዊ ነገሥት ነው፣ ግራ እንዳይገባችሁ)። ሕዝቡ ንጉሥ አንግሥልን ይላል። ሳሙኤልም የሚመጣው ንጉሥ ምን እንደሚያደርግ ከቁጥር 11 ጀምሮ ይነግራቸዋል። ንጉሡ የሚወስደውን ሁሉ አስምሩበት። ወንዶች ልጆችን ለሰረገላውና ለእርሻው፣ ሴቶች ልጆችን ለወጥ ቤቱ፣ ምርጥ ምርጡን መሬትና ወይን፣ ከእህሉ አሥራት፣ አገልጋዩን፣ አህያውን፣ በጉን። በመጨረሻም እናንተ ራሳችሁ ባሪያዎቹ ትሆናላችሁ ይላቸዋል። አሁን ወደ ምዕራፍ 12 እለፉ። ሳሙኤል አርጅቶ፣ ሸብቶ፣ ሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንን በሬ ወሰድኩ? የማንን አህያ ወሰድኩ? ማንን በደልኩ? እያለ ይጠይቃል። ሕዝቡን ሲመራ የኖረ ሰው በገዛ ፈቃዱ ራሱን ለፍርድ ሲያቀርብ አያችሁ? ሁለቱ ምዕራፎች «መውሰድ» በሚለው ቃል ተያይዘዋል። እኔ ይህን ያየሁት ጥቅስ መልቀሙን ትቼ ምዕራፉን በሙሉ ማንበብ ስጀምር ነው።

የሚከብዳችሁንም ቦታ አትዝለሉ። ሮሜ 13 ለባለ ሥልጣን ተገዙ ይላል። የሐዋርያት ሥራ 5፥29 ደግሞ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል ይላል። ሁለቱንም አንድ ገጽ ላይ ጻፏቸው። የአንድምታ (የመጽሐፍ ትርጓሜ) መምህሮቻችን አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ደጋግመው የሚፈቱት ጊዜ ተርፏቸው አይደለም።

ከዚያ ወደ አገራችን መጻሕፍት ኑ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ እስጢፋኖስና ተከታዮቹ መነኮሳት ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው ለንጉሥ አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ክፉኛ አሳደዳቸው። ታሪካቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰውልናል፤ የመጽሐፉ ርእስ «ደቂቀ እስጢፋኖስ፦ በሕግ አምላክ» ነው። በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ሲባል ነው ያደግነው። መነኮሳቱ ግን ይህን ሲሉ ንጉሡ አልቆመም።

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ንጉሡን ከሃዲ አድርጋችሁ ከሣላችሁት ታሪኩ ያመልጣችኋል። ዘርዓ ያዕቆብ «መጽሐፈ ብርሃን» የሚባለው መጽሐፍ ደራሲ ነው፣ ለእመቤታችን የነበረው ፍቅርም የታወቀ ነው። ስለዚህ የእሱን ወገን መጽሐፍም ከመነኮሳቱ ገድል ጎን አስቀምጡና አንብቡ። የሚጸልይ ሰው ሥልጣን ይዞ ሌላ የሚጸልይ ሰው አሳደደ። ሥልጣን ገደብ ይኑረው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የክፉ ሰዎች ብቻ ቢሆን ደግ ንጉሥ ፈልጎ ማንገሥ ይበቃን ነበር።

ፍትሐ ነገሥትን ለመጨረሻ አቆዩት፣ ከባድ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን አል አሳል የተባለ የግብፅ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ ያሰናዳው፣ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ የሕግ መጽሐፍ ነው። 51 አንቀጾች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ 22 የቤተ ክርስቲያን ናቸው። እናንተ ቀጥታ ወደ 31ኛው ሂዱ፣ ባሪያን ነጻ ስለማውጣት ነው። ነጻነት በተፈጥሮ ሕግ የሰው ሁሉ ነው ብሎ ይጀምራል። ወዲያው ግን ጦርነትና የፈረስ ጉልበት አንዱን ለሌላው ተገዢ አደረገው ይልና የባርነትን ደንብ ይዘረዝራል። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ፎቶ አንስታችሁ እንዳትለጥፉ፣ አደራ። ቀጣዩንም አንብቡት፤ ባርነት በአገራችን በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑንም ዳሩ ላይ ጻፉበት።

ይህን አንቀጽ ከሰው ጋር ብታነቡት ይሻላል፣ በተለይ በፖለቲካ ከማይስማማችሁ ሰው ጋር። እኛ ሦስት ሆነን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስናነብ አንዷ ጓደኛችን አስቆመችን። «ይህቺን የመጀመሪያዋን መስመር እያነበቡ ባሪያ የነበራቸው ሰዎች ምን ብለው አለፏት?» አለች። የመለሰላት የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ከሳሙኤል ጀመርን።