ውኃ የተኛበት ማሳና ግብሩ፦ በጣና ዙሪያ ያለ ባለይዞታ ምን ያድርግ?

በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ ሜዳ ለሚያርስ ሰው ውኃ ማሳ ላይ መተኛቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ርብና ጉማራ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ሞልተው ሲመጡ ሐይቁም በበኩሉ ወደ ሜዳው ይገፋል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ሙላት ያዩ ሰዎች ውኃው እስከየት ድረስ መጥቶ እንደነበር ዛሬም በጣታቸው ያሳያሉ። ባለይዞታውን ግራ የሚያጋባው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ውኃው ሸሽቶ፣ ሰብሉ ጠፍቶ፣ ማሳው ግን እንደ ዓምናው ሙሉ ስፋቱ ተቆጥሮ የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግብርና ሥራ ገቢ ግብር ሲጠየቅበት። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በሰብሳቢው ክፋት አይደለም። ክፍያው የሚሰላው በመዝገብ የሰፈረውን ስፋት ይዞ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ጎርፉን አላየም። ስለዚህ የባለይዞታው ሥራ ጎርፉን ወደ መዝገቡ ማስገባት ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያስረዳው እንዴት እንደሚገባ ነው።

በመጀመሪያ አቤቱታው ለማን እንደሚቀርብ ይወቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የሚወስኑና የሚሰበስቡ፣ ከግል አርሶ አደሮችና በኅብረት ሥራ ማኅበር ከተደራጁ አርሶ አደሮችም የገቢ ግብር የሚጥሉ ክልሎች ናቸው። ስለሆነም የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ስለ ይዞታ መብትና ስለ መሬት አያያዝ የሚነግርዎ ብዙ ነገር ቢኖርም፣ የክፍያውን መጠንና ቅናሽ የሚገኝበትን ሁኔታ የሚያገኙት ከክልሉ ሕግ ነው። ወደ ወረዳው የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ በሥራ ላይ ያለውን የክፍያ ደንብና መመሪያ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ፤ በተፈጥሮ አደጋ ምክንያት ስለሚደረግ ቅናሽ የሚናገረውን አንቀጽ በዓይንዎ አንብበው ቁጥሩን በማስታወሻ ይያዙ። በቃል የተነገረ «ይቻላል» ወይም «አይቻልም» ለማንም አይጠቅምም።

ቀጥሎ የደረሰብዎ የውኃ ዓይነት የትኛው እንደሆነ ይለዩ፤ ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ይህ ሳይለይ ስለሚቀር ነው። የወንዝ ሙላት በሐምሌና በነሐሴ መጥቶ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚሸሽ ሲሆን፣ ሰብሉን ያጠፋል እንጂ መሬቱን ሁልጊዜ አያበላሸውም፤ እንዲያውም ደለሉ ለመጪው ዓመት የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ወንዙ ይዞት የመጣው አሸዋና ጠጠር ከሆነ ግን ጉዳቱ የአንድ ዓመት ብቻ አይሆንም፤ በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው የዘንድሮ ቅናሽ ሳይሆን የመሬቱ ደረጃ እንደገና እንዲታይ ነው። በንጉሡ ዘመን መሬት ለግብር ሲባል ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ ይከፈል እንደነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ ሐሳቡ ዛሬም ይሠራል፤ ለም ሆኖ የተመዘገበ ማሳ አሸዋ ከለበሰ በኋላ እንደ ለም ሊከፈልበት አይገባም። ሦስተኛው የሐይቁ ሙላት ነው። የጣና ከፍታ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ በሚበረታበት በነሐሴ ሳይሆን ዘግየት ብሎ በመስከረም አካባቢ ነው፤ ሜዳው ዝርግ በመሆኑም ሐይቁ በጥቂት ክንድ ከፍ ቢል እጅግ ሰፊ መሬት ይሸፍናል። በነሐሴ ደረቅ የነበረ ማሳ በመስከረም ሊዋጥ ይችላል ማለት ነው። አራተኛውና የተለየው ግድብ፣ መንገድ ወይም ሌላ የሕዝብ ሥራ ውኃውን ስላገደው በቋሚነት የተዋጠ ማሳ ነው። ይህ የግብር ቅናሽ ጉዳይ አይደለም፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በኩል የሚታይ የካሳ ጥያቄ ስለሆነ፣ በቅናሽ ማመልከቻ ውስጥ ተደባልቆ መቅረብ የለበትም።

በዚህ ሜዳ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ውኃ የተኛበት ማሳ ሁሉ ምርት ያጣ ማሳ አይደለም። ፎገራ ዛሬ በሩዝ የሚታወቀው ለጤፍ የማይመች ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሩዝ የተመቸ ሆኖ በመገኘቱ ነው፤ ውኃው ከሸሸም በኋላ በቀሪው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ጉዳቱን የሚገምተው የቀበሌ ኮሚቴ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ሩዙ ቆሞ ሳለ «ማሳዬ ጠፋ» ብሎ ያመለከተ ሰው በእውነት የጠፋበትን ጎረቤቱን አቤቱታ ጭምር ያዳክማል።

ማስረጃ የሚሰበሰበው ውኃው ማሳው ላይ ሳለ ነው። ጎርፉ በደረሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለቀበሌው አስተዳደር፣ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ እና ለግብርና ባለሙያው በጽሑፍ ያስታውቁ፤ የማስታወቂያውንም ቅጂ ቀን ተጽፎበትና ማኅተም ተደርጎበት ለራስዎ ያስቀሩ። ፎቶግራፍ ሲያነሡ ባዶ ውኃ ብቻ አያንሡ፤ የባሕር ውኃ ይሁን የማሳ ውኃ ማን ያውቃል? በአንድ ምስል ውስጥ ማሳውን ለይቶ የሚያሳውቅ ነገር፣ ለምሳሌ የአዋሳኝ ዛፍ፣ የቤት ጣሪያ ወይም የድንበር ድንጋይ፣ አብሮ ይታይ። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በማሳው ዳር ያለውን ግንድ ይመልከቱ፤ ጭቃው ቅርፊቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይተዋል፤ ከመስመሩ በታች ያለው አፈር የለበሰ፣ ከበላዩ ያለው ንጹሕ ነው። ያንን መስመር ዘንግ አቁመው ይለኩት፣ ፎቶ ያንሡት፤ ዝናብ ሳያጥበውም ኮሚቴው እንዲያየው ያድርጉ። ስለ ሐይቁ ሙላት የተነገረውን አስታውሰው፣ የመጀመሪያውን ማስረጃ በነሐሴ ከያዙ በመስከረም ማብቂያ ሌላ ይጨምሩበት።

ከሁሉ የሚበልጠው ልኬት ነው። «ግማሹ ጠፋ» አይበቃም። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎ ላይ እያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥርና ስፋት አለው፤ ካርታ ያለው ደብተር ከደረሰዎ ሥራው ይቀላል፤ ውኃው የደረሰበትን ጫፍ በካስማ እየተከሉ ከአዋሳኞችዎ ጋር ይዙሩትና ባለሙያው በሄክታር እንዲያሰፍረው ይጠይቁ። በጥማድ ብቻ አይተዉት፤ የጥማድ ስፋት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ታች ግብፅ ደርሶ የሰው ማሳ ሲበላ፣ ባለማሳው ለንጉሡ አመልክቶ፣ ለኪዎች ተልከው የጎደለውን ለክተው ግብሩ በጎደለው ልክ ይቀነስ እንደነበር ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ጽፏል። ከቅናሹ በፊት ልኬቱ ይቀድማል።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፤ ምሬት ሳይሆን ቁጥር ይያዝ። ዋናው አካሉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እኔ አመልካች በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቁጥር … የተመዘገቡ ሦስት ማሳዎች ባለይዞታ ነኝ። ከእነዚህም በማሳ መለያ ቁጥር … የሚታወቀው፣ ስፋቱ 0.50 ሄክታር የሆነው ማሳ ከነሐሴ 12 ቀን ጀምሮ በጉማራ ወንዝ ሙላት ተውጦ እስከ ጥቅምት 5 ቀን ውኃ ስለተኛበት የተዘራው ሩዝ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። የቀሩት ሁለት ማሳዎች፣ በድምሩ 0.75 ሄክታር፣ ምርት ሰጥተዋል። የይዞታ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የዘንድሮው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የግብርና ሥራ ገቢ ግብር ጉዳት በደረሰበት 0.50 ሄክታር ልክ እንዲነሣልኝ፣ ውሳኔውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።»

ምርት የሰጡትን ማሳዎች ራስዎ መጥቀስዎ አቤቱታውን ያጠናክረዋል እንጂ አያዳክመውም። ከማመልከቻው ጋር የደብተሩን ቅጂ፣ ያለፉትን ዓመታት ደረሰኞች፣ የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ፣ የባለሙያውን ግምትና ፎቶግራፎቹን አያይዘው፣ ክፍያ መሰብሰብ ሳይጀመር ያስገቡ።

«የይዞታ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» የምትለውን ሐረግ በምንም ምክንያት አያስቀሯት። ግብሩ የከበደባቸው ሰዎች «ማሳውን ከስሜ ሰርዙልኝ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህ እጅግ የሚያሳስበኝ ነገር ነው። የአንድ ዓመት ክፍያን ለመሸሽ ብሎ ለልጅ የሚተርፍ መሬትን ከመዝገብ ማስወጣት አይገባም፤ ውኃው ተመልሶ ሲሸሽ መሬቱ ይመለሳል፣ ስሙ ግን አይመለስም። በአገራችን ልማድ የግብር ደረሰኝ ሰው በይዞታ ክርክር ጊዜ ከሣጥን የሚያወጣው ወረቀት ነው። ግብር መገበር ብቻውን ባለይዞታ ባያደርግም፣ በደረሰኞቹ መካከል ያለ ምክንያት የጎደለ ዓመት ለተከራካሪ መግቢያ ይከፍታል። ስለዚህ ቅናሽ ወይም ነፃ መሆን ሲፈቀድልዎ ምክንያቱ ጎርፍ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ ተቀብለው በዚያ ዓመት ደረሰኝ ቦታ ያስቀምጡት። ማሳው ሳይታረስ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየም ምክንያቱን በየዓመቱ በጽሑፍ ያስመዝግቡ፤ ጦም ያደረ መሬት በኋላ የይዞታ ጥያቄ እንዳያስነሣ ነው።

ውኃውን በራስ እጅ ለመግፋት የሚደረገው ሙከራ ሌላው አደጋ ነው። ማሳን ለማዳን ሲባል የደንገሉን ረግረግ ሰንጥቆ ቦይ ማውጣት፣ ወይም በወንዙ ዳር የአፈር ክትር መሥራት፣ ውኃውን ወደ ጎረቤት ያዞረዋል። በውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ሲሆን፣ የውኃ አካላትን ዳርቻ መከለልና በዚያ የሚሠራውን መቆጣጠር የሚመለከተው አካል ሥልጣን ነው። የመሬት አስተዳደር ሕጉም ረግረጋማ መሬት ብዝኃ ሕይወቱ ተጠብቆ በተገቢው የአጠቃቀም ዘዴ እንዲያዝ ያዛል። ከዚህ በላይ ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮውና የሰው ኑሮ አብረው እንዲጠበቁ በቀጣና የተከፋፈለ አካባቢ) ስለሆነ፣ ማሳዎ የሚጎራበተው ረግረግ በየትኛው ቀጣና እንደሚወድቅ ቦይ ከመቆፈርዎ በፊት ከወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ደንገሉ ደለሉን ይይዛል፣ የሙላቱንም ጉልበት ይሰብራል፤ እርሱ ሲመነጠር የሚቀጥለው ጎርፍ ማሳዎ ላይ የሚደርሰው ሳይጣራና ሳይዘገይ ነው። እምቦጭ ግን ሌላ ነው፤ ሙላቱ ማሳ ላይ ጥሎት ከሄደ ነቅሎ፣ ከውኃ አርቆ ማድረቅና ማቃጠል ያስፈልጋል።

ስለ ባሕር ሸሽ መሬት አንድ ቃል ልጨምር። ሐይቁ ከጥቅምት በኋላ እየሸሸ የሚተወው መሬት እርጥብና ለም በመሆኑ ያስጎመጃል። ሆኖም በደብተርዎ ላይ ካልሰፈረ ይዞታዎ አይደለም፤ ስላልሆነም በዚያ ላይ ለጠፋ ሰብል የክፍያ ቅናሽ አይጠየቅበትም። በማመልከቻዎ ውስጥ ባሕር ሸሹን ከይዞታዎ ጋር ደምረው ካቀረቡ የልኬቱ ልዩነት ወዲያው ይታያል፤ ትክክለኛው ክፍልም አብሮ ይጠረጠራል።

ውሳኔው ካላረካዎ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ጠይቀው በደብዳቤው ላይ በተመለከተው የይግባኝ ጊዜ ውስጥ ለሚቀጥለው አካል ያቅርቡ፤ ጊዜው ካልተጻፈበት በዚያው ዕለት ይጠይቁ። ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ክርክር የሌለበትን ድርሻ፣ ከላይ ባለው ምሳሌ የ0.75 ሄክታሩን፣ በወቅቱ ይክፈሉ። ደረሰኙ ላይ ለየትኛው ማሳና ለምን ያህል ስፋት እንደተከፈለ ከመስኮቱ ሳይርቁ ያንብቡ፤ ስሕተት ካለ እዚያው ያስታርሙት።