በአየር ትርኢት ገለጻና ሙዚቃ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዳማ ስታዲየምና አዳራሽ የለመዱ የመድረክ መሪዎችና የድምፅ ባለሙያዎች፣ ብዙም በማትርቀው የአየር ኃይል መቀመጫ በቢሾፍቱ ወይም በሌላ ስፍራ የአየር ትርኢት እንዲያስተዋውቁ ሲጠሩ፣ የሠርግና የኳስ ሜዳ አሠራራቸውን እንዳለ ይዘው መሄዳቸው ያሳስበኛል። በአየር ትርኢት የገላጩ ዋና ሥራ የተመልካቹን ዓይን በጊዜው ወደ ትክክለኛው የሰማይ ክፍል መምራት ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ዘግይቶ መናገር ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በ10 ሰከንድ 2.5 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ፣ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚበር አውሮፕላን ድምፁ የሚሰማው ከ9 ሰከንድ ያህል በኋላ ነው፤ ድምፁን ተከትሎ ቀና ያለ ሰውም የሚያገኘው ባዶ ሰማይ ነው። ስለዚህ ገላጩ አውሮፕላኑ ከመድረሱ አስቀድሞ አቅጣጫውን መጠቆም አለበት፤ ሲጠቁምም «በቀኛችሁ» ከማለት ይልቅ «ከዝቋላ በኩል» ቢል፣ ፊቱን ወዲያና ወዲህ ያዞረ ሕዝብ ሁሉ ይረዳዋል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲገለጽ ደግሞ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መተርጎም አንዱን ወገን ሁልጊዜ ያስቀራል። አቅጣጫው በሁለቱም ቋንቋ በሁለት ሦስት ቃል ይነገር፤ ዝርዝሩ አውሮፕላኑ ዞሮ እስኪመለስ ይቆያል።

ሌላው ስህተት ያላረጋገጡትን ማስረዳት ነው። በፈጣን ጄት ዙሪያ ነጭ ጉም በታየ ቁጥር «የድምፅን ፍጥነት ጣሰ» ይባላል፤ ጉሙ ግን የአየሩ ግፊትና ሙቀት በድንገት ሲቀንስ እርጥበቱ የሚፈጥረው ስለሆነ፣ ከድምፅ ፍጥነት በታችም ይታያል። የትርኢቱ ጭስም የሞተር ብልሽት ምልክት አይደለም፤ አብራሪው በጋለው የሞተር ጭስ ማውጫ ላይ የሚረጨው ዘይት ነው። አፍንጫውን ቀና ያደረገን አውሮፕላን ሁሉ «ኮብራ ሠራ» ማለትም ያሳስታል፤ የሶቪየቱ አብራሪ ቪክቶር ፑጋቼቭ በ1989 እ.ኤ.አ. ሱ-27 በተባለ ተዋጊ ጄት በፓሪስ ያሳየው ኮብራ፣ አውሮፕላኑ ብዙ ከፍታ ሳይጨምር አፍንጫውን በድንገት ወደ ላይ አቁሞ ወደ ኋላ እስኪያዘነብል ካደረሰ በኋላ ወደ አግድም በረራ የሚመለስበት እንቅስቃሴ ነው። ከበረራው በፊት የእንቅስቃሴዎቹን ቅደም ተከተል ከአብራሪዎቹ መቀበል ይህን ሁሉ ያስቀራል።

በሙዚቃ በኩል ትልቁ ጥፋት የተዋጊ ጄትን ድምፅ በሙዚቃ ለመሸፈን መሞከር ነው፤ ሕዝቡ የመጣው ሞተሩን ለመስማትም ጭምር ስለሆነ፣ ጄቱ ሲያልፍ ሙዚቃውም ገላጩም ዝም ማለት አለባቸው። ቀስ ብሎ ለሚዞር ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ግን ዜማ ውበት ይጨምራል፤ ያም ቢሆን ግጥም ያለው ዘፈን ከገላጩ ንግግር ጋር ይጋጫልና የመሣሪያ ሙዚቃ ይመረጣል። ነፋስና ደመና የበረራውን ጊዜ ስለሚለውጡ፣ በየትኛውም ቦታ ቀስ በቀስ ሊቀነስ የሚችል ዜማ ይዘጋጅ። በሜዳው ላይ 170 ሜትር ከተራራቁ ድምፅ ማጉያዎችም ከመድረኩ የራቀው ግማሽ ሰከንድ እንዲዘገይ ካልተደረገ ንግግሩ ይደራረባል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስላለ የባለመብቱን ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅም አይዘለል።

የመጨረሻው ስህተት፣ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚባል ሳያዘጋጁ መገኘት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በዩክሬን ልቪቭ አንድ ተዋጊ ጄት ትርኢት በማሳየት ላይ እያለ ተከስክሶ 77 ሰዎች ሞተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ሙዚቃው ወዲያው ይቁም፤ ስለ አብራሪው ሁኔታ ግምት አይነገር፤ ገላጩ ከበረራ አስተባባሪው ጋር አስቀድሞ የተስማሙበትን አጭር ጽሑፍ በረጋ ድምፅ ያንብብ፤ መውጫውንና ለአምቡላንስ የሚለቀቀውን መንገድም በሁለቱም ቋንቋ ደጋግሞ ይናገር።