ወርቅን ጥሪት ለማድረግ ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ፣ የዕድር ስብሰባ ተጠናቆ ወንበር በሚሰበሰብበት ሰዓት፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የማይቀር ጨዋታ አለ። ጤፍ በኩንታል ስንት እንደገባ፣ ዘይት ስንት እንደሆነ፣ የታክሲ ሒሳብ ምን ያህል እንደጨመረ ከተወራ በኋላ አንድ ሰው «ብር ከማስቀመጥ ወርቅ መግዛት ይሻላል» ይላል፤ የሚቃወመውም አይገኝም። ሐሳቡ መሠረተ ቢስ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ለቁጠባ ሒሳብ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር፤ ስለዚህ በደብተር ላይ የተጻፈው ቁጥር እያደገ፣ በዚያ ቁጥር የሚሸመተው እህል ግን እያነሰ ሄዷል። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የወርቅ ነጋዴ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ጎረቤቶቼ ደረሰኛቸውን ይዘው ምክር ስለሚጠይቁኝ፣ ሰዎች ገንዘባቸውን የሚያጡት ወርቅ በመግዛታቸው ሳይሆን በአገዛዛቸው መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ጌጥንና ጥሪትን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ወርቅ ቤት ገብተን ለአንድ ሐብል የምንከፍለው ገንዘብ የወርቁ ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሠሪው የእጅ ዋጋና የነጋዴው ትርፍም በውስጡ አሉ። መልሰን ስንሸጥ ግን እነዚህ ሁለቱ አይታሰቡልንም፤ እንዲያውም ገዢው ከዕለቱ የግራም ዋጋ ላይ ቀንሶ ይወስዳል። ለምሳሌ ያህል የወርቁ ዋጋ 100,000 ብር፣ የእጅ ዋጋውና ትርፉ ደግሞ ተደምረው 10,000 ብር ቢሆኑ፣ ስንሸጥም ነጋዴው ከወርቁ ዋጋ 5 በመቶ ቢቀንስ፣ በገዛንበት ቀን ማግስት ብንሸጠው የምናገኘው 95,000 ብር ብቻ ነው። ያወጣነውን 110,000 ብር ለመመለስ ወርቅ ወደ 16 በመቶ መወደድ አለበት፤ ከዚያ በፊት «ወርቅ ጨመረ» እያልን የምንደሰተው በኪሳራ ውስጥ ሆነን ነው። በእርግጥ የእጅ ዋጋው እንደ ሥራው ረቂቅነት ይለያያል፤ ጥልፍልፍና ቅርጻ ቅርጽ የበዛበት ጌጥ ከለስላሳ ቀለበት የበለጠ የእጅ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ለሠርግ ወይም ለበዓል የሚታሰብ ጌጥ ለደስታው ይገዛ፤ ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ግን ጌጥነቱ የቀለለ፣ ክብደቱ የጎላ ይሁን። ከመግዛታችን በፊትም ነጋዴውን «ይህንኑ ዛሬ ብሸጥልዎ በስንት ይወስዱታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ የወርቅ ቤቱን ጨዋነት ከሚገልጡ ጥያቄዎች አንዱም ይኸው ነው።

ከዚህ ጋር የተቆራኘው ሁለተኛው ስህተት ካራትን አለማስላት ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል፤ 21 ካራት ከመቶ 87.5 እጁ፣ 18 ካራት ደግሞ ከመቶ 75 እጁ ብቻ ወርቅ ሲሆን የቀረው እንደ መዳብና ብር ያለ ማጠንከሪያ ብረት ነው። በጌጡ ላይ የሚታተሙት 875 እና 750 የሚሉት ቁጥሮችም ይህንኑ ይናገራሉ። እንግዲህ 10 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት ሐብል በውስጡ 7.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ፣ በተመሳሳይ ክብደት ያለው የ21 ካራት ሐብል ደግሞ 8.75 ግራም ይዟል። ሰዎች ግን «ግራሙ እዚያ ረክሶ አገኘሁት» ብለው ሲመጡ ካራቱን ብጠይቃቸው ብዙ ጊዜ አያውቁትም። ልጃቸው ከዓረብ አገር ያመጣችላቸውን ባለፈርጥ ሐብል ለልጅ ልጃቸው ሕክምና ሊሸጡ የሄዱ አንዲት ጎረቤቴ የደረሰባቸውን አልረሳውም፤ ነጋዴው ፈርጦቹን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ካወጣ በኋላ ሚዛን ላይ አስቀምጦ «እማማ፣ ድንጋዩ ከወርቅ አይቆጠርም» ብሏቸው ኖሮ፣ ለዓመታት 14 ግራም ነው ሲሉት የነበረው ሐብል ከ11 ግራም በታች ሆኖ ተገኘ። ሰውየው አላጭበረበራቸውም፤ ማንም ወርቅ ቤት ቢሄዱ ያው ነበር። ስህተቱ የተሠራው ሐብሉ ከነፈርጡ ተመዝኖ በተገዛበት ቀን ነው።

ሦስተኛው፣ ወርቅ አይወርድም ብሎ ማመን ነው። ይህን እምነት የማንም ምክር ሳይሆን ያለፈው ዋጋ ራሱ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ ወርቅ፣ ማለትም 31.1 ግራም፣ በዓለም ገበያ ወደ 850 ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ1999 ከ260 ዶላር በታች ወረደ፤ ያንን የ850 ዶላር ዋጋ ዳግም ያየው በ2008 መጀመሪያ ነው። በመስከረም 2011 ወደ 1,900 ዶላር ወጥቶ በታኅሣሥ 2015 ወደ 1,050 ዶላር ወረደ። በዚያ ጊዜ አንድ ዶላር በባንክ ዋጋ ከ17 ብር ገደማ ወደ 21 ብር ገደማ ከፍ ቢልም እንኳ በመስከረም ወር ገዝቶ በዚያ ታኅሣሥ የሸጠ ኢትዮጵያዊ በብር ሲሰላ ከገንዘቡ ሲሶውን ያህል አጥቷል፤ የእህልና የሸቀጥ ዋጋ ግን በእነዚያ አራት ዓመታት ሲጨምር ነው የቆየው። በእኛ አገር የወርቅ የብር ዋጋ የሁለት ነገሮች ብዜት መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል፤ አንዱ የዓለም ዋጋ፣ ሁለተኛው የዶላር ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በባንኮች 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም የወርቅ ዋጋ በመጋቢት 3,000፣ በጥቅምት ደግሞ 4,000 ዶላርን ተሻገረ። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲገጣጠሙ ያየ ሰው ወርቅ ሁልጊዜ እንዲህ የሚሮጥ ቢመስለው አያስገርምም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ግጥጥሞሽ በየዓመቱ አይመጣም። ወርቅ ቢበዛ የብርን መርከስ ይከላከላል እንጂ የጤፍን የወር ዋጋ እየተከተለ አይሄድም፤ ኪራይም ወለድም አያስገኝም።

አራተኛው ስህተት በእኛ አካባቢ እየበዛ ስለመጣ ሰፋ አድርጌ ላብራራው። «የወርቅ ዕቁብ» የሚባል ነገር ተጀምሯል፤ አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ እኩል ብር ያዋጣሉ፣ ዕጣ የወጣለትም ወርቅ ይገዛል። በዋጋ ንረት ዘመን ይህ አሠራር የመጀመሪያዎቹን ጠቅሞ የመጨረሻዎቹን ይጎዳል፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው በድሮው ዋጋ ብዙ ግራም ሲገዛ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር የሚወስደው በዚያው ብር ያነሰ ግራም ያገኛል። ዕቁቡ በብር እኩል፣ በወርቅ ግን እኩል ያልሆነ ነው። መድኃኒቱ መዋጮውን በብር ሳይሆን በግራም መቁጠር ነው፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ አባል በየወሩ የዕለቱን የግማሽ ግራም ዋጋ ቢያዋጣ፣ የጌጡ የእጅ ዋጋ የየራሱ ሆኖ፣ ሁሉም በተራው የ6 ግራም ዋጋ ያገኛል። እርግጥ ነው፣ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ዕጣ ቀድሞ የወጣለት አባል መዋጮው ይከብደዋል፤ ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው በስድስተኛው ወር መዋጮ ማቋረጥ ይጀምራል። ስለዚህ የየትኛው ካራት ዋጋ እንደሚቆጠር፣ ዋጋው ከየት እንደሚጠየቅና ማን እንደሚጠይቅ ዕቁቡ ሳይጀመር ጽፎ መፈራረም ይገባል። ጸሐፊው የሚመርጠው ወርቅ ቤት የአክስቱ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ይመረጥ።

አምስተኛው ስህተት ከመንገድ መግዛት ነው። በዙሪያችን ባሉት እንደ ገላንና ዱከም ባሉ ከተሞች መንገድ ላይ «ከሻኪሶ የመጣ ጥሬ ወርቅ» ይዘው የሚቀርቡ ሰዎች አይጠፉም። አንድ ዘመዴ ሁለት ወር ደሞዙን ያጣው በዚህ ነው። ሻጩ በመጀመሪያ ለምርመራ የሰጠው ቁራጭ እውነተኛ ወርቅ ነበር፤ ከፍሎ የተቀበለው ከረጢት ውስጥ የነበረው ግን የናስ ዱቄት ሆነ። ጥሬ ወርቅ ለመነገድ ከመንግሥት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ የተታለለው ሰው ለፖሊስ ለማመልከት እንኳ እግሩ ይከብደዋል፤ አጭበርባሪዎቹም የሚተማመኑት በዚህ ፍርሃት ነው። በማግኔት መሞከር ብዙም አይረዳም፤ ወርቅን ማግኔት አይስበውም፣ ናስንና መዳብንም እንዲሁ አይስባቸውም። በክብደት ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ንጹሕ ወርቅ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ሲመዝን ናስ 8.5 ግራም ገደማ ነው። ይህን በቤት ውስጥ በትክክል ለመለካት ትዕግሥትም ጥሩ ሚዛንም ስለሚጠይቅ፣ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ የሚፈትን ወርቅ ሠሪ ዘንድ መውሰድ ይቀላል። ባለቅኔዎቻችን ሰምና ወርቅ የሚለውን ስያሜ ያገኙት ከወርቅ አንጥረኞች ሥራ እንደሆነ ይነገራል፤ በገበያውም ከሰሙ ሥር ያለውን ሳያዩ የከፈሉ ብዙዎች ናቸው።

ብርን በተመለከተ፣ ብረቱን ማለቴ ነው፣ ብዙ የምለው የለም። አንዳንዶች ከአያት የወረሱትን ማርትሬዛ ጠገራ አውጥተው «ይህም እንደ ወርቅ ነው ወይ?» ይሉኛል። አንዱ ጠገራ ወደ 28.07 ግራም ይመዝናል፤ በውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። በአብዛኞቹ ላይ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈው ከዚያ በኋላም ለዘመናት በዚያው ዓመት ምልክት ሲታተም ስለኖረ ነው፤ ስለዚህ ዓመቱን አይቶ ብርቅ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ብር ከወርቅ ይልቅ ዋጋው ይዋዥቃል፣ በእኛም ገበያ መልሶ የሚገዛው ጥቂት ነው። ለማቅለጥ መቸኮልም ሆነ በአሸዋ መወልወል አያስፈልግም፤ የተወለወለ ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይቀንሳል።

ስድስተኛው፣ በቅርብ ጊዜ የሚፈለግን ገንዘብ ወርቅ ማድረግ ነው። የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ የሕክምና መጠባበቂያ፣ እነዚህ በብር መቀመጥ ያለባቸው ናቸው፤ ዋጋቸው ቢሸረሸርም እንኳ በሚፈለጉበት ቀን እጅ ላይ መገኘታቸው ይበልጣል። ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች የምናምነው ወርቅ ቤት ለማግኘት ግማሽ ቀን መንገድ እንውላለን፤ ቸኩሎ የሚሸጥም በቸኮለበት ልክ ይቀነስበታል። ተበድሮ ወርቅ የሚገዛ ሰውስ? ወለዱንና የመግዣና የመሸጫውን ልዩነት ባንድ ላይ ደምሮ ይመልከተው።

ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ አንድ ነገር እንዳይረሱ አሳስባለሁ፤ ለጥሪት የተቀመጠ ወርቅ 85 ግራም ንጹሕ ደርሶ ዓመት ከሞላው ከመቶ 2.5 እጁ ዘካ አለበት። የሚለበስን ጌጥ በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው ስህተት አቀማመጥ ነው። አዲስ በገባንባቸው ብሎኮች ጎረቤት ከጎረቤት ገና አልተዋወቀም፤ እንዲያም ሆኖ የወርቁ ወሬ ከወርቁ ቀድሞ ደረጃውን ይወርዳል። በባንክ የአደራ ሣጥን ማግኘት የሚችል ያንን ይመልከት። በቤት የሚያኖር ሰው ደግሞ መኖሩንና ያለበትን ከራሱ ሌላ አንድ የሚያምነው ሰው እንዲያውቅ ያድርግ፤ ባለቤቷ በድንገት ያረፈባት አንዲት ሴት ወርቅ መግዛቱን እያወቀች የት እንዳኖረው ባለማወቋ ቤቱን ስትፈትሽ እንደከረመች በለቅሶ ቤት ሰምቻለሁ። ክብደቱንና ካራቱን በወረቀት ጽፎ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ፣ ዋናውን ከወርቁ በተለየ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል፤ ሁለቱ ባንድ ፌስታል ከታሰሩ ሌባው ለሽያጭ የሚያስፈልገውን ማስረጃም አብሮ ይወስዳል።